የጀርባ ተራ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ከሚያምኑት ወገን አይደለሁም፣ ልጆች ሆነን የሰፈሬ ልጆች በመቃብሩ አጥር አጠገብ እየሮጡ ሲያልፉ እኔ ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ቀስ ብዬ ነበር የማልፈው፣ አድጌም ሎንግ ቢች አንድ ሆስፒታል ውስጥ በረዳት ነርስነት ስሠራ ስንት ሰው እጄ ላይ ሞቷል፣ ገላውን አጥቤ፣ አንሶላውን ለውጬ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄጃለሁ፣ አንድም ቀን ከኋላዬ የጠራኝ የለም። ሕልም አልፈታም፣ ሲኒ አላስነብብም፣ ጨለማም አልፈራም። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ «ጽጌም አረጀችና እንዲህ ሆነች» እንዳትሉኝ፣ የሆነውን እንደሆነው ነው የምነግራችሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ዛሬ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ ምልክት የተተከለበት የፌርፋክስ መንገድ ያኔ ይህ ስም አልነበረውም፣ ያለን አንድ ምግብ ቤትና አንድ ጠባብ ሱቅ ነበር፣ ሱቁ ውስጥ በርበሬና የዘፈን ካሴት ጎን ለጎን ስለሚደረደሩ ካሴት የገዛ ሰው መኪናው ሳምንት ሙሉ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ሁላችንም እንተዋወቅ ነበር፣ መኪና ያለው ለሌለው ይነዳል፣ እንግሊዝኛ የሚችል ላልቻለው ቢሮ ለቢሮ ይዞራል፣ ከመካከላችን አንድ ሰው ሲታመም ሾርባ ይዞ የሚመጣው ብዛቱ በሽተኛውን እንቅልፍ ይነሳው ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ጊዜ ይናፍቀኛል፣ ድሆች ነበርን፣ ግን ብቻዬን እራት የበላሁበት አንድ ቀን ትዝ አይለኝም።

እትዬ ውድነሽ የጓደኛችን የዳንኤል እናት ናቸው። ዳንኤል ሚራክል ማይል ላይ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል፣ እናቱን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ቫን ናይስ አፓርታማው ውስጥ ካስቀመጣቸው ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል፣ ሐኪም የሰጣቸውን ኪኒን መስኮት ላይ ደርድረው አንዱንም አልዋጡትም፣ «የኔ መድኃኒት ፍልውሃ ነው» ባይ ናቸው። ሻወር ሲባልማ ይናደዳሉ፣ «እኔ አትክልት ነኝ እንዴ ውሃ የሚረጩብኝ» ይላሉ። አዲስ አበባ ሳሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከታናሽ እህታቸው ከብርቄ ጋር ፍልውሃ ይወርዱ ነበር፣ ቲኬት ቆርጠው፣ አግዳሚው ላይ ተራ ጠብቀው፣ አንዱን ክፍል ለሁለት ይዘው፣ አንዳቸው የሌላዋን ጀርባ እያሹ። ብርቄን እኔ አይቻት አላውቅም፣ ግን እሳቸው ስሟን ሳያነሱ የሚውሉበት ቀን ስለሌለ የማውቃት ያህል ነበር።

ስለ ጀርባ ደግሞ ትንሽ ላውራችሁ፣ ፍልውሃ የለመደ ሰው ያውቀዋል፣ የራስ እጅ አይደርስበትም፣ ስለዚህ አብሯችሁ የገባው ሰው ያሽላችኋል፣ እናንተም በተራችሁ ታሹለታላችሁ፣ የማታውቁት ሰው ቢሆንም እንኳን። ጀርባውን አሳሽቶ ተራውን ሳይመልስ የወጣ ሰው በእትዬ ውድነሽ ዘንድ ከሌባ አይሻልም። «የጀርባ ተራ አይበላም» ይሉ ነበር፣ ቀልድ እየመሰለን እንስቅ ነበር።

እና ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ ለዳንኤል ሥራ ቦታው ስልክ ተደወለለት፣ ብርቄ ባጭር ሕመም አርፋለች።

መርዶ መቼም እንዲሁ እንደማይነገር ታውቃላችሁ፣ ማለዳ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ትልቅ ሰው ባለበት፣ የሚወድቀውን የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደግሞ ሐሙስ ሰው ከየት ይሰበሰባል፣ አንዱ ታክሲ ላይ ነው፣ አንዷ ደብል ሺፍት ይዛለች፣ ስለዚህ እኛ ዘንድ መርዶ እሑድን ይጠብቃል። ያን ዕለት ማታ ምግብ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ሆነን ተመካከርን፣ ዳንኤል፣ እኔ፣ ሌሎች ሁለት ጓደኞቻችንና ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ታደሰ።

«እስከ እሑድ ከስልክ ማራቅ ነው» አሉ ጋሼ ታደሰ። «አንዱ ይደውልና ባልሆነ መንገድ ትሰማዋለች።»

ዳንኤል ዓይኑ ቀልቶ ወደኔ ዞረ። «ጽጌ፣ አንቺ ዊክኤንድ ኦፍ ነሽ አይደል? እማዬ ፍልውሃ ውሰጂኝ እያለች ስትጨቀጭቅሽ ነበር። ሶ በረሃው ወዳለው ፍልውሃ ድራይቭ አድርገሽ ውሰጃት፣ እሑድ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት አድርሺልኝ።»

«እኔ ምስጢር አይበረክትልኝም፣ ታውቃላችሁ» አልኩ። ያውቃሉ፣ የአንዲት ጓደኛችንን ጽንስ ከባሏ በፊት ለፌርፋክስ ያሳወቅኩ እኔ ነኝ።

«አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ» አሉኝ ጋሼ ታደሰ። «በሰው አገር፣ መንገድ ላይ፣ ያለ ዘመድ ብትሰማ ምን ትሆናለች? ልቧም ደህና አይደለም። አደራ።»

አደራ ካሉኝ በኋላ ምን እላለሁ፣ ኦኬ አልኩ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ተነሳን። እትዬ ውድነሽ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸዋል፣ የጋሼ ታደሰም ጉልበት ስለሚታመም ውሃ ላምጣላቸው ብለው ሁለት ባዶ የወተት ጋሎን ይዘዋል፣ ጭናቸው ላይ ደግሞ ዊልሸር መንገድ ላይ በቅናሽ የገዙት ሐምራዊ ሹራብ አለ፣ ለብርቄ ነው፣ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ ሊልኩላት። ከፓልም ስፕሪንግስ በፊት ክንፋቸውን ነፋስ የሚያዞረው ነጫጭ ምሰሶዎች በረሃውን ሞልተውት ስናይ፣ «ሰው የለበት፣ ይሄን ሁሉ ማራገቢያ ለማን ነው የሚያዞሩት» አሉና ሳቅን። ወዲያው ሹራቡን ዘርግተው አሳዩኝ።

«ይሆናታል ትያለሽ? ብርቄ ብርድ አትችልም።»

«ይሆናታል» አልኩ። ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም። እመኑኝ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሁሉ መሪውን አጥብቄ ከመያዜ የተነሳ ስንደርስ ጣቶቼ አልታጠፍ ብለውኝ ነበር።

ሞቴሉ ተራራ ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው፣ ስምንት ክፍል ብቻ፣ ባለቤቷ አንዲት ፖላንዳዊት አሮጊት፣ ሳምንቱ ቀዝቃዛ ስለነበር ከኛ በቀር እንግዳ የለም። ፍልውሃው ከመሬት በቧንቧ ወጥቶ ዝቅ ባለች የእንጨት ቤት ውስጥ ካለ ገንዳ ይገባል፣ ቤቷ አንድ በር ብቻ አላት፣ በሩም ሲከፈት ሲሚንቶውን እየፋቀ የሚጮህ ከባድ በር ነው፣ መስኮቷ ከጣሪያው ሥር ያለች የማትከፈት መስታወት ናት። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው እንድታስታውሱት ነው። ለእትዬ የዋና ልብስ ተውሼ ነበር፣ ከፍ አድርገው ብርሃን ላይ አዩትና «የማን ልጅ ልብስ ነው?» ብለው መለሱልኝ፣ በውስጥ ቀሚሳቸው ሊገቡ ወሰኑ፣ አሮጊቷም ሰው ስለሌለ ግድ የለም አለች። ግን ያን ዕለት አልገቡም፣ ፍልውሃ የሚገባው በባዶ ሆድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ነው አሉ።

ቅዳሜ ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ገባን። የበረሃ ብርድ ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ቤቷ ውስጥ ግን እንፋሎቱ የራሴን እጅ ከልሎኛል። እትዬ ውድነሽ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፣ ውሃው እስከ ወገባቸው ሲደርስ «እፎይ» አሉ፣ እንደዚያ ዓይነት እፎይታ ከዚያ ወዲያም ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ትዝ አላቸው።

«ጋቢዬን ረሳሁት፣ ስወጣ ብርድ ይመታኛል። ሩጪ አምጪልኝ፣ ከዚያ ጀርባዬን ታሺልኛለሽ።»

ገና ልብሴን አላወለቅኩም ነበር፣ ወጣሁ። ክፍላችን ግቢው ጫፍ ላይ ነው፣ ጋቢው ሻንጣው ሥር ተቀብሯል፣ አምስት ስድስት ደቂቃ ሳይፈጅብኝ አልቀረም። ስመለስ በሩ ጋ ሳልደርስ ድምፅ ሰማሁ፣ እርጥብ ገላ ሲታሽ የሚሰማው፣ ፈሽ ፈሽ፣ ልክ ባለው ምት፣ ሳይቸኩል። ቀጥሎ የእትዬ ውድነሽ ሳቅ።

«ኧረ ቀስ፣ ቆዳዬን ልትገፊው ነው።»

ሌላ ድምፅ መለሰላቸው፣ ዝቅ ያለ፣ የሴት ድምፅ፣ ቃሉን በደንብ አልሰማሁትም፣ ግን አማርኛ ነበር፣ «ዞር በይ» ያለች መሰለኝ። ከዚያ በእርጥብ መዳፍ ጀርባ ሲመታ ተሰማኝ፣ ሦስት ጊዜ፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ከዚያ ጸጥ አለ።

አልደነገጥኩም፣ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ አሮጊቷ ገብታ ታጫውታቸዋለች ብዬ ነው ያሰብኩት፣ አማርኛው ደግሞ እትዬ ብቻቸውን ማውራት ስለሚወዱ የራሳቸው ይሆናል አልኩ። በሩን ገፋሁት፣ እየጮኸ ተከፈተ፣ እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ወጣ፣ እስኪሳሳ ጠበቅኩ። እትዬ ውድነሽ ብቻቸውን ነበሩ። ጀርባቸውን ለኔ ሰጥተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፣ የውስጥ ቀሚሳቸው እስከ ወገባቸው ወርዷል፣ ጀርባቸው ከላይ እስከ ታች ቀልቷል። ከኋላቸው ያለው ውሃ ገና አልረጋም፣ ማዕበሉ ወደ ገንዳው ጠርዝ እየሄደ ይመታል።

ሳይዞሩ ተናገሩኝ። «ምነው ተውሽው ጽጌ፣ ጥሩ አድርገሽ ይዘሽው ነበር እኮ። ግራኝ ነሽ እንዴ፣ በግራ እጅሽ ነው የምታሺው?»

ጋቢው እቅፌ ውስጥ ነው፣ ጫማዬ እግሬ ላይ ነው፣ ገላዬ ደረቅ ነው። እኔ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን እኔ አይደለሁም ብል ማን ነው ይላሉ፣ ይፈራሉ፣ ይጠይቁኛል፣ ጥያቄ ጥያቄን ሲጎትት ደግሞ የኔ አፍ እንደማይችል አውቀዋለሁ፣ የተሰጠኝ አደራ እዚያው ገንዳ ውስጥ ይፈስሳል። ጋሼ ታደሰ ልቧም ደህና አይደለም ያሉት ጆሮዬ ላይ አለ። ስለዚህ ዋሸሁ።

«ቀኝ እጄ ደክሞኝ ነው» አልኩ።

«እንግዲያ ግቢ፣ ተራሽን ልመልስልሽ።»

ምን ላድርግ፣ ልብሴን አውልቄ ገባሁ፣ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሰው ጀርባዬን ነክቶት አያውቅም፣ የሌላ ሰው ገላ እያጠብኩ ነው የምኖረው፣ እናቴ ለመጨረሻ ጊዜ ያጠበችኝ መቼ እንደሆነ እንኳን ረስቼዋለሁ፣ የእትዬ መዳፍ ከአንገቴ ጀምሮ ሲወርድ እንባዬ ዝም ብሎ መጣ፣ እንፋሎቱ ሸፈነልኝ። እሳቸው ያወራሉ፣ ብርቄ ፍልውሃ ውስጥ ግንባሯን ግድግዳው ላይ ደግፋ እንቅልፍ ይወስዳት እንደነበር፣ ተራቸው እንዳያልፍ ሲቀሰቅሷት ትናደድ እንደነበር። ሲጨርሱ ጀርባዬን በመዳፋቸው መቱኝ፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ።

«ይሄ የእናታችን ነው» አሉኝ። «ሲያልቅ ሦስቴ መምታት። ከኔና ከብርቄ ሌላ የሚያደርገው ሰው የለም። አንቺ ከየት አወቅሽው?»

«እርስዎ ሲያደርጉ አይቼ ነዋ» አልኩ።

«መቼ?»

ወደ ቧንቧው ዞሬ ፊቴን ታጠብኩ። ጋቢያቸውን ጠየቁኝ፣ አለበስኳቸው፣ ወጣን።

ቁርስ ላይ አሮጊቷን ለብቻዋ ይዤ ጠየቅኳት፣ ጠዋት ፍልውሃው ቤት ገብታ እንደሆነ። እስከ ሁለት ሰዓት ተኝቼ ነበር አለችኝ፣ ሌላ እንግዳ አለ ወይ አልኳት፣ ቁልፎቹ የተሰቀሉበትን ሰሌዳ አሳየችኝ፣ ከኛው በቀር ሰባቱም በቦታቸው ናቸው። የሰው ጀርባ አሽተሽ ይሆን ብዬ ልጠይቃት ነበር፣ ተውኩት፣ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ ፖሊስ ያስጠራል። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ተመልሼ የፍልውሃዋን ቤት ዞርኳት፣ በሩን ድምፅ ሳያሰማ ለመክፈት አስሬ ሞከርኩ፣ አይሆንም፣ ከመስኮቷም ድመት አታልፍም። ግራ እጄን ዘርግቼ አየሁት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዝም ብዬ አየሁት።

ያን ዕለት ሌላ ምንም አልሆነም፣ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው፣ እትዬ ውድነሽ ቀኑን ሙሉ የብርቄን ስም አላነሱም። ጋሎኖቹን ሞሉ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ተራራውን አዩ፣ ሹራቡን ከሻንጣው አውጥተው እንደገና በደንብ አጣጥፈው መለሱት።

እሑድ ቫን ናይስ ስንደርስ ገና እየነጋ ነበር። የዳንኤል አፓርታማ ያለበት መንገድ በኛ ሰዎች መኪና ሞልቷል፣ ታክሲዎቹ በሰልፍ ቆመዋል። እትዬ መኪኖቹን አንድ በአንድ አዩ። ነጠላቸውን አወለቁና አዘቅዝቀው ለበሱት፣ ጥለቱን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ሐዘንተኛ። እጄን ይዘው ደረጃውን ወጡ።

ውስጥ ሳሎኑ ሙሉ ሰው ቆሟል። ዳንኤል ከኋላቸው ሊይዛቸው ተዘጋጅቷል። ጋሼ ታደሰ ከሐሙስ ጀምሮ ሲያዘጋጁት የነበረውን ንግግር ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ውድነሽ፣ እንግዲህ የሰው ልጅ ሁሉ...»

«ቆይ ታደሰ» አሉ እትዬ፣ እጃቸውን አንስተው። ወደኔ ዞሩ። «ጽጌ፣ ስለ እናትሽ ብለሽ እውነቱን ንገሪኝ። ትናንት ጠዋት ጀርባዬን ያሸሽልኝ አንቺ ነሽ?»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ፣ ማንም ምን እንደምንባባል አይገባውም። ጋሼ ታደሰ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። አዎ ብል አንዲት ቃል ናት፣ አደራዬን እስከ መጨረሻው እጠብቃለሁ። ግን ፊታቸውን አየሁት፣ የሚለምነኝ ፊት ነበር፣ ምን ብዬ እንድመልስ እንደሚለምኑኝም ገባኝ።

«አይደለሁም እትዬ» አልኩ። «ጋቢ ላመጣ ሄጄ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ ብርቄ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ልትሰናበተኝ ነው የመጣችው።» ከዚያ ወደ ኋላ ሲወድቁ ዳንኤል ያዛቸው፣ ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። ሦስት ቀን ሙሉ እንዳላወራ የተጠነቀቅኩትን መርዶ ያረዳኋቸው እኔ ሆንኩ። ፊታቸውን የሚያጥቡበት ውሃ ሲፈለግ፣ «መኪናው ውስጥ ያለውን አምጡልኝ» አሉ። ጋሎኑን አመጣሁ፣ እንደ ማንኛውም ውሃ ቀዝቅዟል፣ በሱ አጠብኳቸው።

በአርባው ዕለት ወጥ ቤት ውስጥ ሰሐን እያደረቅኩ አጠገቤ መጡ። ፊታቸው ተመልሷል፣ ጉልበታቸውም ደህና ነው ይሉ ነበር።

«ብርቄ ግራኝ እንደነበረች ነግሬሽ አውቃለሁ?» አሉኝ።

«አልነገሩኝም።»

«ግራኝ ነበረች። ቆይ፣ እኔ የሷን ተራ ለማን መለስኩ?»

ሰሐኑን አስቀመጥኩት። «ለኔ» አልኩ።

አዩኝ፣ ቁጣ አልነበረባቸውም፣ ይልቅ እንደማዘን ብለው ነው ያዩኝ። ከዚያ የቀሩትን ሰሐኖች አንስተው ወደ ሳሎን ሄዱ፣ እስከ ዕረፍታቸው ድረስም ያን ነገር ዳግመኛ አላነሱብኝም።

ይኸው ነው። እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል፣ እዚሁ ነው የተቀበሩት፣ የፌርፋክስ ሱቆች በዝተዋል፣ በርበሬ በርበሬ የሚሸት ካሴትም የለም። ልጄ ለጀርባ ሕመምሽ ፍልውሃ ልውሰድሽ ባለችኝ ቁጥር ሰበብ እፈጥራለሁ። አላምንም አልኳችሁ እኮ፣ አሁንም አላምንም። ግን የሰው ተራ ወስጃለሁ፣ የወሰድኩባትም ልትመጣ የምትችለው ከኋላዬ ነው። ስለዚህ ገላዬን የምታጠበው ጀርባዬን ከግድግዳው አጣብቄ ነው፣ ሳሙናው በደንብ አይደርስበትም፣ ይቅር። ውሃውን ከዘጋሁ በኋላም ፎጣዬን ወዲያው አላነሳም፣ ጥቂት ቆሜ አዳምጣለሁ።